የጊታር ታላቅነት ከምን ይመጣል?
ስለ ሮክና ሄቪ ሜታል ጊታሪስቶች በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ሙያቸው ብረትና መዳብ፥ ሽቦና ስሌት ለሆነ ሰዎች ስለ ጊታር ተጫዋቾች ንግግር ማሰማት ከመንገድ የወጣ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ከሙዚቃ መሣሪያዎች ሁሉ ለመሐንዲስ የቅርብ ዘመድ የሚሆነው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ዋሽንት ያለ ሸምበቆ፥ በገናም ያለ እንጨት፥ ያለ ቆዳና ያለ ጅማት አይኖርም፤ ኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ ማይክል ፋራዴይ በ1831 ካገኘው የኤሌክትሮማግኔት ሕግ ውጭ ሕይወት የለውም። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው በቅድሚያ ይታወቅ።

የምዕራቡ ዓለም የሙዚቃ መጽሔቶች በየጊዜው የመቶ ታላላቅ ጊታሪስቶችን ስም በተራ ቁጥር እየደረደሩ ያወጣሉ። አንባቢውም እገሌ ለምን ሰባተኛ፥ እገሌስ ለምን አርባኛ ሆነ እያለ ይከራከራል። ክርክሩ አስደሳች ነው፤ ነገር ግን ሚዛኑ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ፍጥነት ነውን? ፍጥነት በሰዓት ይለካል፤ ስለዚህም ለመፍረድ ይቀላል። የሸክላው ሽያጭ ነውን? እሱም በቁጥር ይታወቃል። ሆኖም ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው አንድ ጊታሪስት ሦስት ቃና እንዳሰማ ወዲያውኑ «ይህ እገሌ ነው» ብሎ የሚያውቅበት ምክንያት ከሁለቱ አንዱም አይደለም። ታላቅነት መፈለግ ያለበት እዚያ ነው፤ በሦስቱ ቃናዎች ውስጥ።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። በጊታሩ ገላ ላይ፥ ከክሮቹ ሥር፥ ፒክአፕ የሚባል ትንሽ ዕቃ ተቀምጧል። ይኸውም ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጣል፤ በሽቦው ውስጥም ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል፤ ያም ምልክት በአምፕሊፋየር ጎልቶ በእስፒከር በኩል ወደ አየር ይወጣል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ «መጥበሻ» የሚል ቅጽል የወጣለት የሪከንባከር ጊታር ሲሠራ የታሰበው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም የጊታር ድምፅ በዳንስ ኦርኬስትራ ውስጥ በጥሩምባና በሳክስፎን እንዳይዋጥ ነው። በኋላም ሊዮ ፌንደር በ1950 እና በ1954፥ የጊብሰን ኩባንያም በ1952 ያወጧቸው ጊታሮች እስከ ዛሬ ድረስ ሳይሻሩ ይገኛሉ። ፌንደር ራዲዮ ጠጋኝ የነበረ ሰው ሲሆን ጊታር መጫወት አለመቻሉ የሚያስገርም ነው። ጥሩ ወንበር ለመሥራት ግን አናጢው የግድ ሲቀመጥ መዋል የለበትም።

የመሐንዲስ ዓላማ የገባው ምልክት ሳይለወጥ ጎልቶ እንዲወጣ ማድረግ ነው። የሮክ ጊታር ታሪክ የሚጀምረው ግን ይህ ዓላማ ሆን ተብሎ ከተጣሰበት ቀን ነው። በ1958 ሊንክ ሬይ የተባለው አሜሪካዊ የእስፒከሩን ወረቀት በእርሳስ በሳስቶ፥ ቃል የሌለበት አንድ የጊታር ዜማ ቀዳ፤ ዜማው አንድም ቃል ሳይኖረው ወጣቱን ለጠብ ያነሣሣል ተብሎ በአንዳንድ ራዲዮ ጣቢያዎች ታገደ። በ1964 ደግሞ የኪንክስ ባንድ ወጣት ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የትንሽ አምፕሊፋየሩን እስፒከር በምላጭ ተለተለው። የተቀደደው እስፒከር እንደ ተቆጣ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ሰጠ፤ ዘፈኑም በእንግሊዝ አገር አንደኛ ወጣ።

በእነዚህ ቀዳዶች የተገኘውን ድምፅ፥ ከአቅሙ በላይ የተጫነ የቫልቭ አምፕሊፋየርም ይሰጣል። የድምፁ ሞገድ ከማጉያው ጣሪያ ጋር ሲጋጭ ጫፉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ሞገድ በመጀመሪያ ያልነበሩ ሃርሞኒኮችን ይወልዳል፤ ደካማውና ብርቱው ድምፅ ስለሚቀራረቡም አንድ ጊዜ የተመታ ክር እንደ ቫዮሊን ረዥም ጊዜ ይዘምራል። ከዚህ የተነሣ የኮርድ አመራረጥም ተለወጠ። ለምሳሌ መሠረታዊው ቃና በሴኮንድ 110 ጊዜ፥ አምስተኛው ደግሞ 165 ጊዜ የሚርገበገብ ቢሆን፥ ሁለቱ በተዛባ አምፕሊፋየር ውስጥ ሲገናኙ ልዩነታቸው፥ ማለትም 55፥ አዲስ ቃና ሆኖ ይወጣል። ይህም ከመሠረታዊው በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ያው ቃና ነው። ስለዚህ በሁለት ጣት የሚያዝ ቀላል ኮርድ ከሥሩ ማንም ያልመታውን የባስ ድምፅ ይዞ ይነሣል። የመዓርግ መለያ የሆነው ሦስተኛው ቃና ሲጨመርበት ግን ልዩነቶቹ እርስ በርስ አይስማሙም፤ ድምፁም ይደፈርሳል። የሄቪ ሜታል ጊታሪስቶች ሁለት ቃና ብቻ የሚመቱት ሙዚቃ ስለማያውቁ ነው የሚሉ ሰዎች ይህንን ስሌት ቢያዩት መልካም ነበር።

ወደ ታላላቆቹ ከመግባት በፊት አንድ ዕዳ መከፈል አለበት። የሮክ ጊታር ሲወሳ በአብዛኛው የሚጠሩት ጠጉራቸውን ያስረዘሙ ነጭ ወጣቶች ናቸው። ሆኖም በአርካንሳስ ክፍለ ሀገር በ1915 የተወለደችው ጥቁር አሜሪካዊት ሲስተር ሮዜታ ታርፕ፥ መንፈሳዊ መዝሙር በኤሌክትሪክ ጊታር እያጀበች በመዘመር፥ ሮክ የሚለው ስም ሳይወጣ የሮክን አመታት አሳይታለች። በግንቦት 1964 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ፥ ባቡር ባቆመ አንድ ጣቢያ፥ ተመልካቹ በአንዱ ወገን መድረክ ተቀምጦ፥ እሷ ከሐዲዱ ማዶ ባለው መድረክ ላይ፥ ዝናብ እየወረደ፥ በካፖርቷ እንዳለች ነጭ ኤሌክትሪክ ጊታር አንግታ ስትጫወት በቴሌቪዥን የተቀረጸው ፊልም ዛሬም አለ። አመታቷን ያየ ሰው በኋላ የመጡት ከየት እንደተማሩ አይጠይቅም። በ1973 ስታርፍ መቃብሯ ለብዙ ዓመታት የስም ድንጋይ እንኳ አልነበረውም፤ በሮክ ታላላቆች መዝገብ ውስጥ የገባችው በ2018 ነው። ከእሷ ተከትሎ የመጣው ቸክ ቤሪ ግን ዕድለኛ ነው፤ በ1958 የቀዳው ዘፈን በ1977 በቮየጀር መንኮራኩር ላይ በተጫነው የወርቅ ሸክላ ተቀርጾ በከዋክብት መካከል ባለው ጠፈር እየተጓዘ ነው።

አሁን ወደ በርሚንግሃም እንሻገር። ቶኒ አዮሚ በዚህች የኢንዱስትሪ ከተማ በ1948 ተወለደ። በ1965፥ ዕድሜው አሥራ ሰባት ሲሆን፥ በአንድ የቆርቆሮ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ከባንድ ጋር ለጉዞ ሊነሣ ስለነበረ ሥራውን የሚለቅበት የመጨረሻ ቀን ደርሶ ነበር። ለምሳ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ከሰዓት በኋላ ላለመመለስ አስቦ እንደነበረ፥ እናቱ ግን የጀመርከውን ቀን ጨርስ ብላ እንደመለሰችው ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሯል። በዚያ ቀን የመጫኛ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ስላልመጣ እሱ ባልለመደው ማሽን ላይ ተመደበ። ማሽኑ የቀኝ እጁን የመካከለኛና የቀለበት ጣቶች ጫፍ ወሰደ። አዮሚ ግራኝ ነው፤ ግራኝ ጊታር ተጫዋች ክሩን የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው።

ሐኪሞች ጊታር መጫወቱን እንዲተው መከሩት። የፋብሪካው ካቦ ግን ሊጠይቀው ሲመጣ የዣንጎ ራይንሃርትን ሸክላ ይዞለት መጣ። ዣንጎ በ1928 በደረሰበት የእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች የተጎዱበትና በቀሩት ጣቶቹ በአውሮፓ ጃዝ ወደር ያጣ ሰው ነው። ካቦው ይህንን ነግሮት ሄደ። ወጣቱ የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፤ ለጣቱ እንዲስማማ በስቶና በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፥ ክሩ እንዳያንሸራትተው ከአሮጌ የቆዳ ጃኬት ቁራጭ ለጠፈበት። የጣት ቆብ ግን ክር አይዳስስም። አዮሚ ክሩን በቂ ኃይል ተጭኖት እንደሆነና እንዳልሆነ የሚያውቀው በጆሮው ብቻ ሆነ። ወፍራም ክር ሕመም ስለሚያመጣበት የባንጆ ቀጭን ክሮችን በጊታሩ ላይ ሞከረ፤ እንደልብ የሚገኝ ቀጭን የጊታር ክር በዚያን ጊዜ አልነበረም። ቆየት ብሎም የክሮቹን ውጥረት ለመቀነስ ቅኝቱን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። በ1971 በወጣው በብላክ ሳባት ሦስተኛ አልበም ውስጥ በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ቅኝቱ በሦስት ግማሽ ቃና ወርዷል። ክሩ ላላ፤ ድምፁ ከበደ፤ ዛሬ ሄቪ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ ክብደት አንዱ ምንጩ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሲተረክ ማሽኑ ታላቅ ሰው ፈጠረ የሚያሰኝ ይመስላል። እንዲህ ያለው ድምዳሜ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጭካኔም ነው። በበርሚንግሃምና በመሰል ከተሞች ፋብሪካዎች ጣታቸው የቀረ ሠራተኞች ቁጥር ስፍር የለውም፤ ከእነዚህ ውስጥ ስማቸው የሚታወቅ አንድ ወይም ሁለት ናቸው። አደጋው የሰጠው ነገር የለም፤ ወሰደ እንጂ። የሰጠው ወጣቱ ራሱ ነው፤ ይኸውም የቀረውን በትክክል መመርመሩ፥ እያንዳንዱን ጉድለት በአንድ መላ መመለሱ፥ መላውም የሚያመጣውን አዲስ ድምፅ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ሀብት መስማቱ ነው። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ብዙ ሰው መላ ይፈጥራል፤ በመላው ምክንያት የመጣውን እንግዳ ነገር ለማቆየት የሚደፍር ግን ጥቂት ነው።

የብላክ ሳባት የመጀመሪያ አልበም በጥቅምት 1969 ባንድ ቀን ተቀድቶ በየካቲት 13 ቀን 1970 ዓርብ ዕለት ለገበያ ቀረበ። በቀረጻው ላይ የአዮሚ ፌንደር ጊታር ፒክአፕ ስለተበላሸበት ለመጠባበቂያ የያዘውን ጊብሰን አነሣ፤ ከዚያ ወዲያ እሱን አልተወም። የአልበሙ መክፈቻ ዘፈን በሦስት ቃናዎች የተገነባ ነው። ከነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የጥንት የአውሮፓ የሙዚቃ ሊቃውንት የሰይጣን ርቀት ይሉት የነበረው ነው። ቤተ ክርስቲያን በሕግ ከልክላው ነበር የሚለው ወሬ በኋላ የተጋነነ ነው። ያም ሆነ ይህ የባሱ ተጫዋች ጊዘር በትለር በዚያን ሰሞን የእንግሊዛዊውን ጉስታቭ ሆልስትን የማርስ ፕላኔት ድርሰት በባሱ ይሞክር እንደነበረና አዮሚ ከዚያ ተነሥቶ ሐረጉን እንዳገኘ ይነገራል። ሦስት ቃና፥ ዝግታና ዝምታ፤ ሌላ ምንም የለበትም። በሐምሌ 5 ቀን 2025፥ ዕድሜው ሰባ ሰባት ዓመት ሆኖት፥ በዚያው በትውልድ ከተማው በቪላ ፓርክ ስታዲየም ከሦስቱ ቀደምት ጓደኞቹ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ቆሞ ተጫወተ። ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ዐረፈ።

ሌላው ግራኝ ጂሚ ሄንድሪክስ ነው። በ1942 በሲያትል የተወለደው ሄንድሪክስ የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ፥ ክሮቹን እንደገና አዘዋውሮ ይጫወት ነበር። ይህ ከታየው በላይ ውጤት አለው። በስትራቶካስተር ጊታር ላይ ወደ ድልድዩ የቀረበው ፒክአፕ በሰያፍ የተቀመጠ ስለሆነ፥ ጊታሩ ሲገለበጥ ሰያፉም ይገለበጣል፤ ወፍራሞቹ ክሮች ጠራ ያለ፥ ቀጫጭኖቹ ደግሞ ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። በረዥም አውራ ጣቱም ወፍራሙን ክር ከአንገቱ በላይ አዙሮ ስለሚይዝ፥ ሌሎቹ አራት ጣቶች ነፃ ይሆኑለታል። አንድ ሰው ሆኖ ባስም፥ ኮርድም፥ ዜማም በአንድ ጊዜ ያሰማል።

የሄንድሪክስ ትልቁ ሥራ ግን የጩኸት ገዥ መሆኑ ነው። እስፒከሩ ሲጮኽ አየሩ ክሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ ክሩ ፒክአፑን፥ ፒክአፑም እስፒከሩን መልሶ ያስጮኻል። ይህ ክብ ለድምፅ ቴክኒሻን መቅሠፍት ነው፤ በአዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎን ሲያፏጭ የሁሉም ሰው ጆሮ ያውቀዋል። ሄንድሪክስ ከእስፒከሩ ያለውን ርቀትና የቆመበትን አቅጣጫ በመለዋወጥ፥ የጊታሩን ዘንግ በማጎንበስና በማቃናት፥ ፉጨቱን ወደ ዜማ ለወጠው። ነሐሴ 18 ቀን 1969 ሰኞ ጧት በውድስቶክ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ፥ ከብዙ መቶ ሺህ ሰው አብዛኛው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፥ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጊታሩ ብቻ አሰማ። በመዝሙሩ ውስጥ ቦምብና ሮኬት በተጠቀሱበት ስፍራ ጊታሩ እንደሚወርድ ቦምብ ጮኸ። የቪየትናም ጦርነት ይፋፋም ነበር፤ ሄንድሪክስ ራሱ በ1961 እና በ1962 የአሜሪካ ጦር ፓራሹተኛ ወታደር ነበር። ከዚያ በኋላ በቴሌቪዥን መዝሙሩን ከወግ ውጭ አቅርበሃል ተብሎ ሲጠየቅ ከወግ ውጭ አልመሰለኝም፥ ውብ ነው ያልኩት የሚል መልስ ሰጠ። መልሱ ለቀልድ ያህል የተሰጠ አይደለም። በዓመቱ፥ በመስከረም 18 ቀን 1970፥ ለንደን ላይ ሞተ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ በስሙ የታወቀበት ጊዜ አራት ዓመት እንኳ አይሞላም።

በዚህ ስብሰባ ላይ ስለ ብሪያን ሜይ አለመናገር ነውር ይሆናል። የኩዊን ባንድ ጊታሪስት ብሪያን ሜይ በ1963፥ ገና ተማሪ ሳለ፥ የሚፈልገውን ጊታር ለመግዛት አቅም ስላልነበረው ኤሌክትሮኒክስ ከሚያውቀው አባቱ ጋር ሁለት ዓመት ያህል ደክሞ ጊታሩን በቤት ውስጥ ሠራ። አንገቱ ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ተጠረበ፤ ነቀዝ የበላውን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈነው። ዘንጉን የሚመልሱት ሞላዎች ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ቫልቭ የተወሰዱ ናቸው፤ የዘንጉ ጫፍ የሹራብ መሥሪያ መርፌ፥ በአንገቱ ላይ ያሉት ነጭ ነጠብጣቦች ከእናቱ የስፌት ሣጥን የተገኙ የሼል ቁልፎች ናቸው። ክሩን የሚመታውም በፕላስቲክ ሳይሆን በእንግሊዝ የስድስት ፔኒ ሳንቲም ነው፤ የሳንቲሙ ጥርስ ክሩን ሲነካ የሚሰማው ትንሽ መፋቅ የድምፁ መታወቂያ ሆኗል። የባንዱ ባስ ተጫዋች ጆን ዲከን ደግሞ በኤሌክትሮኒክስ የተመረቀ ሲሆን፥ ከቆሻሻ መጣያ ባገኘው ሰርኪት የሠራት ትንሽ አምፕሊፋየር በብዙ ቀረጻ ላይ አገልግላለች። ሜይ በ1970ዎቹ ያቋረጠውን የአስትሮፊዚክስ ጥናት መልሶ በመያዝ በ2007 ከኢምፔሪያል ኮሌጅ የዶክተርነት ማዕርግ አግኝቷል። በሰላሳ ዓመት የዘገየ ተማሪ መኖሩ ለሌሎችም ተስፋ ይሰጣል።

ሜይ ጊታሩን በትዕግሥት ሲሠራ ኤዲ ቫን ሄለን የሠራው በችኮላና በድፍረት ነው። በ1955 በአምስተርዳም ከሆላንዳዊ ሙዚቀኛ አባትና ከኢንዶኔዥያ ከመጣች እናት ተወልዶ በ1962 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደደ። በልጅነቱ ፒያኖ ተምሮ በውድድር ያሸንፍ ነበር፤ ኖታ ማንበብ ግን አይችልም ነበር፤ የመምህሩን ጣት አይቶና በጆሮው ይዞ ይጫወት ነበር። ከፋብሪካ በጉድለት የተጣለ ገላ በ50 ዶላር፥ አንገት በ80 ዶላር ገዝቶ፥ እንጨቱን ቦርቡሮ የጊብሰን ፒክአፕ ተከለበት፤ ፒክአፑ እንዳያፏጭም በቀለጠ ሰም ውስጥ ነከረው። ለአምፕሊፋየሩም በቫሪያክ፥ ማለትም በሚስተካከል ትራንስፎርመር፥ የሚገባውን ኃይል ወደ 90 ቮልት ገደማ ዝቅ አደረገለት፤ በዚህም በአነስተኛ ጩኸት የተሞላ ድምፅ አገኘ። በ1978 የወጣው የአንድ ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ ብቸኛ የጊታር ዜማ የዓለምን ጊታሪስቶች በሙሉ አስደነገጠ። የቀኝ እጁን ጣት በጊታሩ አንገት ላይ እየመታ በሁለት እጅ ፒያኖ እንደሚጫወት ሰው አደረገው። ዘዴውን እሱ አልፈለሰፈውም፤ የጄነሲስ ባንድ ስቲቭ ሃኬት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተጠቅሞበታል፤ ቋንቋ ያደረገው ግን ቫን ሄለን ነው። ሁለቱ እጆች እንዲመቻቸው ጊታሩን ከደረት ላይ አግድም የሚያስተኛ ድጋፍ ሠርቶ በ1987 የአሜሪካ ፓተንት ተሰጥቶታል። በ2020 ዐረፈ።

ከቫን ሄለን በኋላ የመጣው ትውልድ በአብዛኛው ጣቱን ሰማ እንጂ ጆሮውን አልሰማም። 1980ዎቹ የሩጫ ዘመን ነበሩ። ስዊድናዊው ኢንግቬ ማልምስቲን በ1984 የመጀመሪያውን አልበሙን ሲያወጣ የፓጋኒኒን የቫዮሊን መንፈስ ወደ ጊታር አመጣ፤ ለእሱ ፍጥነቱ ከልቡ የሚወጣ ንግግር ነበር፤ ለተከታዮቹ ግን ልምምድ ብቻ ሆነ። ፍጥነት በራሱ ጥፋት የለበትም። የኦዚ ኦዝቦርን ባልንጀራ ራንዲ ሮድስ ፈጣን ነበር፤ ነገር ግን በጉዞ ላይ ሳለ በደረሰባቸው ከተሞች የክላሲክ ጊታር አስተማሪ እየፈለገ ይማር ነበር፤ በመጋቢት 1982 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር በ1979 ያሰማው ታዋቂ ሶሎ ደግሞ ማንም ተማሪ በጥቂት ወር ሊለማመደው የሚችል ነው፤ እንደ እሱ አድርጎ ክሩን ወደ ላይ ለመግፋትና እዚያ ለማቆየት ግን ዕድሜ አይበቃም።

በመጨረሻ በየዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለለው ሰው መናገር ይገባል። ማልኮልም ያንግ በ1953 በግላስጎ ተወልዶ በ1963 ከቤተሰቡ ጋር ወደ አውስትራሊያ ሄደ፤ በ1973 ከወንድሙ ከአንገስ ጋር ኤሲ ዲሲ የተባለውን ባንድ መሠረተ። አንገስ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሶ በመድረኩ ላይ ይንከባለላል፤ ሕዝቡም የሚያየው እሱን ነው። ማልኮልም ከኋላ፥ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ቆሞ፥ አንዱን ሐረግ ደጋግሞ ይመታል። ላልገባው ሰው የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ባንዱ የቆመው በእሱ ቀኝ እጅ ላይ ነው። በጊታሩ ላይ ካሉት ፒክአፖች አንዱን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን አውልቋል፤ ክሮቹ ወፍራም ናቸው፤ አምፕሊፋየሩም ከሌሎቹ ሮክ ተጫዋቾች ይልቅ ጥርት ያለ ስለሆነ ስሕተት የሚሸሸግበት ጢስ የለውም። በ1980 በወጣው ታዋቂ አልበማቸው ውስጥ ከምቱ ይልቅ በምቶቹ መካከል ያለው ዝምታ ነው ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሣው፤ ክሩን መምታት ብቻ ሳይሆን በእጅ መዳፍ በጊዜው ማቆም የዚህ ሰው ጥበብ ነው። የሜታሊካው ጄምስ ሄትፊልድ በ1986 እጁን ወደ ታች ብቻ እየመታ ያሰማው እጅግ ፈጣን አመታት ከዚሁ እምነት የተወለደ ነው፤ ቀኝ እጅ ከበሮ ነው የሚለው እምነት።

ከ2008 እስከ 2010 በተደረገው የዓለም ጉዞ ላይ ማልኮልም የመርሳት በሽታ ጀምሮት ነበር። አንገስ በኋላ እንደተናገረው፥ ማልኮልም ራሱ የደረሳቸውንና ከሰላሳ ዓመት በላይ የመታቸውን ሐረጎች ከየዝግጅቱ በፊት እንደ አዲስ ተማሪ ተቀምጦ እየተለማመደ ወደ መድረክ ይወጣ ነበር። ጉዞው እስኪያልቅ አንድም ቀን አልቀረም። በ2014 ባንዱን ለቀቀ፤ በ2017 በኅዳር ወር በስድሳ አራት ዓመቱ ዐረፈ። በቦታው የወንድሙ ልጅ ስቲቪ ያንግ ገብቶ፥ በዚያው ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ቆሞ፥ ያንኑ ሐረግ ይመታል።